ጎረቤት ላይ የሚያርፍ ድግምት

ኡዘይር ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶት፣ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ፣ በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቢሮ የራሱ ጠረጴዛና የራሱ ማኅተም ኖሮት፣ ስለ ዘንዶ እያነበበ ብቻውን የሚስቅ ሰው ነበር። ነገሩን እንደ ነውር ነው የያዘው። መጽሐፉን ወደ ቢሮ ይዞ ሲገባ የተማሪዎች መመሪያ ሽፋን ያለብሰዋል፤ ሰው ሲመጣበት ግንባሩን ይቋጥራል፤ ሳቅ አላስችል ካለው ደግሞ ያስላል። ባልደረቦቹ ሳሉን እየሰሙ «ይሄ ልጅ ደረቱን ቢታይ ምን አለበት» ይሉ ነበር። አንዷማ አዝናለት ዝንጅብል በማር ቀላቅላ በብልቃጥ አምጥታለታለች። ኡዘይር አመስግኖ ጠጣው። እውነቱን ከሚናገር በሳንባ ነቀርሳ ቢጠረጠር ይመርጥ ነበር።

መጻሕፍቱን የተወለት አንድ የውጭ አገር መምህር ነው። ሰውየው ኮንትራቱን ጨርሶ ሲሄድ አንድ ካርቶን ልብ ወለድ ኮሪደር ላይ አስቀምጦ «የፈለገ ይውሰድ» የሚል ወረቀት ለጠፈበት። ሦስት ቀን ማንም አልፈለገም። በአራተኛው ቀን ኡዘይር ፈለገ፤ ያውም ካርቶኑን በአሮጌ ፋይል ሸፍኖ፣ ሥራ የበዛበት ሰው መስሎ እያለከለከ ነው ይዞት የወጣው። ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው አንድ ረጅም ታሪክ ሆኖ አገኘው። ሰባት ቅጽ ነው፤ ስድስቱ አሉ፣ የመጨረሻው ሰባተኛው የለም።

ታሪኩ በአንድ በሌለ አገር ስለሚኖር ጠንቋይ ነው። የዚህ ጠንቋይ ድግምት ሁሉ ይሠራል፤ ችግሩ ሁልጊዜ አንድ ቤት አልፎ ያርፋል። የራሱ ጉድጓድ ውሃ እንዲሞላ ሲደግም የጎረቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ ይፈሳል። ጉልበቱ እንዲመለስለት ሲደግም የጎረቤቱ አሮጌ በቅሎ ተነሥታ ትፈነጫለች። ዘንዶ ከአገር ሊያባርር ሲደግም ዘንዶው ጎረቤት ቤት ተከራይቶ ይገባል። ዘንዶውም ቢሆን እሳት ለመትፋት የከተማ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻው በሦስት ኮፒ ይሞላል፤ ማኅተሙን የያዘው ሰው ግን ለቅሶ ሄዷል።

ኡዘይር መጀመሪያ ጮክ ብሎ የሳቀው እዚህ ላይ ነው። ለቅሶ የሄደውን ማኅተም ያዥ አወቀው፤ እሱ ራሱ ነበር። ባለፈው ዓመት አክስቱ አገር ቤት፣ ድብ ባሕር፣ ያረፉ ጊዜ የመሳቢያውን ቁልፍ በኪሱ እንደያዘ ሄዶ ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ እሱ እዚያ ሲያለቅስ አርባ ተማሪ እዚህ ቢሮው ደጅ ተሰልፎ ሲያለቅስ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያየው ሁሉ ከመጽሐፉ የወጣ ይመስለው ጀመር። የክፍሉ ኃላፊ ስብሰባ ሲመሩ ዘንዶውን ያያል፤ ባጃጅ ነጂው «አንድ ሰው ብቻ» እያለ አራተኛ ሰው ሲጭን ጠንቋዩን ያያል። እሱም ራሱ አይቀርለትም። በየማለዳው ከእውነተኛው የነገሥታት ግንብ አጥር ሥር ቆሞ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው፣ የሌለ ግንብ እያነበበ ባጃጅ ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ያወቁበት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ ቀሐ አካባቢ ያከራዩት ወይዘሮ የትነበርሽ። እትዬ የትነበርሽ ሠላሳ አንድ ዓመት በታይፒስትነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ጆሯቸውን ግን የጋረደው የለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በግድግዳው ሲስቅ ሰሙትና መጥተው በሩን አንኳኩ።

«ምነው አንተ፣ ማነው እንዲህ የሚያስቅህ?» አሉት። «ሴት ከሆነች በበሩ ትግባ። ማንም ከሌለ ደግሞ ንገረኝ፤ ጠበልም ካልሆነ ሸህ እንፈልግልሃለን።»

ኡዘይር ያኔ ነው የተሳሳተው። የመጽሐፉን ሰውዬ በአማርኛ ምን ብሎ እንደሚጠራው አሰበ። «አስማተኛ» እንዳይል፣ በልጅነቱ ትምህርት ቤት መጥቶ ከአፉ መሃረብ ሲመዝ የነበረው ሰውዬ መጣበት። «ጠቢብ» ለዚህ ሰው ይበዛበታል። «ደብተራ» እንዳይል የእትዬ የትነበርሽ ታላቅ ወንድም ደብተራ ናቸው። ስለዚህ «ጠንቋይ ነው፣ እትዬ» አለ። «መጽሐፍ ውስጥ ያለ ጠንቋይ።»

እትዬ የትነበርሽ በሩ አጠገብ ባለችው ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ ተቀመጡ። «እስኪ ንገረኝ» አሉ።

እንዲህ ተጀምሮ ሁለት ዓመት ሆነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት፣ ዝናብ ከሌለ ግቢው ውስጥ፣ ዝናብ ካለ በረንዳው ላይ፣ ኡዘይር እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ እሳቸው ምስር እየለቀሙ ይሰማሉ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ማመልከቻ ሲተይቡ አንድ ቀን እንኳ የሚያስቅ ነገር አልመጣላቸውም ነበር፤ የቀረውን ሁሉ አሁን ሳቁት። በሥራቸው ልማድም ያርሙታል። «ረዘመ፣ እዚህ ላይ አራት ነጥብ አድርግበት» ይሉታል። ጠንቋዩን እንደ መንደር ሰው ነው የያዙት። ኡዘይር ከሥራ ሲመለስ ከአጥሩ ጀምረው፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ፣ «ጠንቋዩ እንዴት ሆነ?» ብለው ይጠይቁታል።

ስድስተኛው ቅጽ ሲያልቅ «ሰባተኛው የለም» ለማለት አንጀቱ አልቻለም። ስድስተኛውን ገልጦ ከፊቱ አድርጎ ከራሱ እየፈጠረ ማንበብ ጀመረ። በሰባተኛው ቅጽ ጠንቋዩ ሚስት ፈለገ። ለምን እንደፈለገ ኡዘይር ሊያስረዳ አይችልም ነበር፤ እውነቱ ግን ሚስት የፈለገው ኡዘይር ነው።

የፈለጋት ሃጂራን ነው። ሃጂራ የአራዳው ጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ዐብዱልከሪም ልጅ ናት፤ ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ሆና ትሠራለች። የትምህርት ማስረጃዋን በማኅተም ልታስረጋግጥ ቢሮው መጥታ፣ ማኅተሙን ገልብጦ ሲመታው አየች፤ ወረቀቱን ብቻ አዙራ መለሰችለት። ኡዘይር ያኔ ወደዳት። ወላሂ ወደዳት። ስልኳን ለማግኘት አራት ወር፣ ለመደወል ድፍረት ለማግኘት ደግሞ አንድ ወር ፈጀበት።

ታዲያ ለሷ ሌላ ኡዘይር አዘጋጀላት። ይኸኛው ኡዘይር አይስቅም። ስለ ሦስተኛ ዲግሪ ያወራል፣ ስለ ቤት ሥራ ማኅበር ያወራል፣ ስለ ሲሚንቶ ያወራል። ለትዳር የታሰበች ሴት የምትፈልገው ቁም ነገረኛ ነው ብሎ አምኗል። አንድ እሑድ አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ቆርቆሮ ውፍረት በስልክ አስረዳት። ከወዲያ በኩል ድምፅ ሲጠፋበት ኔትወርክ መስሎት «ሃሎ?» አለ።

«አለሁ» አለችው።

በዚያች «አለሁ» ሳምንቱን ሙሉ ሲደሰት ከረመ። ከዚያም አጎቱን አያ ያሕያን ከድብ ባሕር አስመጥቶ፣ ሁለት የሰፈር አባቶች ጨምሮ፣ ሽማግሌ ላከ። ሐጂ ዐብዱልከሪም በወጉ ተቀበሏቸው፤ በወጉም «ጠያይቀን እናሳውቃለን» ብለው አሰናበቷቸው። ለማጣራት የተመደቡት የሐጂ እኅት ወይዘሮ ዐዚዛ ናቸው። ወይዘሮ ዐዚዛ ሰው ለማጣራት ከወጡ የሰውየውን የስምንተኛ ክፍል ውጤት ሳይቀር ይዘው ነው የሚመለሱት። ከመስጊዱ ጠየቁ፣ ደኅና ነው ተባሉ። ከቢሮው ጠየቁ፣ ሳል አለበት እንጂ ደኅና ነው ተባሉ። በመጨረሻ ወደ አከራዩ መጡ።

እትዬ የትነበርሽ ለዚህ ቀን አዲስ ነጠላ ለብሰው ነው የጠበቁት። እዚያ የተባለውን ኋላ ለኡዘይር ቃል በቃል ነግረውታል፤ ታይፒስት ናቸውና ነጥብ አያስቀሩም።

«ልጁ እንዴት ያለ ነው?» አሉ ወይዘሮ ዐዚዛ።

«ሸጋ ልጅ ነው። አይጠጣ፣ አያጨስ፣ ሰው አያስቀይም።»

«ቅዳሜ እሑድ የት ይውላል?»

«የትም አይሄድ። እዚሁ ከጠንቋዩ ጋር ሲስቅ ነው የሚውል።»

«ከማን ጋር?»

«ከጠንቋዩ ጋር ነዋ። እንዴት ያለ መሰለዎት! ድግምቱ ሁሉ ጎረቤት ላይ ነው የሚያርፍ። እኔም ሁለት ዓመቴ፤ ሱስ ሆኖብኛል፣ ካልሰማሁ አልውልም። ሰሞኑን የያዝነው የሚስት ጉዳይ ነው። ሴትየዋ እሺ ትላለች ወይስ አትልም የሚለው ላይ ደርሰን ቆመናል። ኡዘይር ሲያስብበት ነው የሰነበተ።»

ወይዘሮ ዐዚዛ የቀረበላቸውን ሻይ አልነኩም። «አስተግፊሩላህ» ብለው ተነሡ፤ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አቀያይረው አድርገው ወጡ። እትዬ የትነበርሽ እስከ አጥሩ ሸኝተው «በደንብ ነው የመሰከርኩልህ» ብለው ማታውኑ ለኡዘይር አበሠሩት። እሱም እጃቸውን ስሞ አመሰገነ።

በሦስተኛው ቀን አያ ያሕያ ከድብ ባሕር በሚኒባስ መጡ። እንደ ወትሮው ሰላምታ አላበዙም። ጋቢያቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና መሬት መሬት እያዩ ጀመሩ።

«ኡዘይር፣ አባትህ ዐሊም አልነበረም። ሰጋጅ ግን ነበር።»

«ምነው አያ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ጠንቋይ ቤት ስትመላለስ ምነው ለእኔ አልነገርኸኝ? ለልጃቸው ጉዳይ እሺ ትላለች አትልም ብለህ ጠንቋይ አስጠነቆልህ አሉ። ያውም ሰውየው ጎረቤት ላይ የሚደግም ነው አሉ። ሐጂ ጠርተው ነገሩኝ። ‹በአላህ ላይ ሽርክ ካለበት ቤት ልጄን አልሰጥም፣ ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳይመጣብኝ› አሉኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የምገባበት ጠፋኝ።»

ኡዘይር ክው አለ። ቀጥሎ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለውና፣ ሳቁ መጣበት። አሳለ። ሳሉ አልበቃም፤ ፊቱን በትራሱ ሸፍኖ ተንፈራፈረ።

«ያስቅሃል ደግሞ?» አሉ አያ ያሕያ፤ ወደ በሩም ፈቀቅ አሉ። የሚስቀው ጂኒ እንጂ ልጁ ራሱ ነው ብለው ያመኑ አይመስሉም።

ሳቁ እንደመጣ ጠፋ። ኡዘይር ትራሱን አስቀምጦ አሰበው። ሃጂራን ሊያጣት ነው። የሚያጣት ደግሞ ሰክሮ፣ ሰርቆ፣ ወይም ሌላ ሴት ወዶ ቢሆን ወግ ነበረው፤ እሱ ግን አንድ የአማርኛ ቃል በትክክል ባለመምረጡ ነው። እሑድ ሳይደውል አለፈ። ሰኞም አልደወለም። ማክሰኞ አንደኛውን ቅጽ ብብቱ ሥር ይዞ ወደ አራዳ ወጣ። አያ ያሕያ «ሙሽራ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ የት አየህ?» ብለው ሊይዙት ሞከሩ፤ አልሰማቸውም።

የሐጂ ሱቅ ጠባብና ረጅም ነው። ከፊት ጨርቁ ተደርድሯል፤ ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫውን መጋረጃ ይለየዋል። በዚያ ሰዓት አንድም ገበያተኛ አልነበረም። ግድግዳ ከሚጋሩት ከመልካሙ የስልክ ሱቅ ግን ሙዚቃው ይጮኻል፤ ሰው ከበሩ ተርፎ መንገድ ላይ ቆሟል። ሐጂ ዐብዱልከሪም በሂና የቀላውን ጢማቸውን ይዘው ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«አሰላሙ ዓለይኩም።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም» አሉ ሐጂ ቀና ብለው። ተቀመጥ አላሉትም።

«ሐጂ፣ የተባለው ጠንቋይ ሰው አይደለም። ይኸው፣ እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ተረት ነው» አለና መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ሽፋኑ ላይ ያለውን ሥዕል ያስታወሰው ያኔ ነው። ጢሙ እስከ ጉልበቱ የወረደ ሽማግሌ፣ ኮከብ የተረጨበት ሹል ቆብ ደፍቶ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቷል፤ ጎረቤቱ ጣሪያ ላይ ዘንዶ ተጠምጥሟል። ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉና ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«አንብብልኝ።»

«በእንግሊዝኛ ነው፣ ሐጂ።»

«አንተ የተማርህ አይደለህ? በአማርኛ መልሰው።»

ኡዘይር የመጀመሪያውን ምዕራፍ ገለጠ። የመጀመሪያው ቃል «ጠንቋይ» ነው። ዓይኑ ቃሉ ላይ ተተከለ፤ ምላሱ ግን እምቢ አለው። በዚህ ሱቅ ውስጥ፣ በእኒህ ሰውዬ ፊት፣ ያንን ቃል ደግሞ መጥራት አቃተው። በፍርሃት የመጣለትን የመጀመሪያ ጨዋ ቃል አነሣና ተካበት። በ«ድግምት» ፋንታም ሌላ ጨዋ ቃል አገኘ።

«አንድ ነጋዴ ነበረ» ብሎ አነበበ። «ጢሙ ረጅም ነው። ይህ ነጋዴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነግዷል። ንግዱ ግን ለእሱ ሆኖለት አያውቅም፤ ሁሉም ጎረቤቱ ላይ ነው የሚያርፈው። እሱ ሲጣራ ሰዉ ጎረቤት ይገባል። እሱ ሲደክም ጎረቤቱ ይከብራል። ነጋዴው ግን በራሱ ይኮራ ስለነበር ጥፋቱ የግድግዳው ነው ይል ነበር።»

ከግድግዳው ወዲያ የመልካሙ ሙዚቃ ጨመረ። ኡዘይር ቀና ሲል ሐጂ ጢማቸውን ለቅቀውታል።

«ነጋዴው ማን ይባላል?» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው።

«ስሙ... አልተጠቀሰም።»

«ጎረቤቱስ? መልካሙ ነው የሚባለው?»

ኡዘይር ያነበበውን በአእምሮው ደግሞ ሰማው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ምንኛ በወደደ! ነገር ግን የሱቁ ወለል ሊሾ ስለሆነ ያም አልሆነለትም። መጽሐፉን ዘጋ።

«ነጋዴ አይደለም፣ ሐጂ። ጠንቋይ ነው። ፈርቼ ነው የለወጥኩት።»

«ፈርተህ ነው የሰደብኸኝ?»

«ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ስድቡ ሳላስበው የመጣ ነው።»

ከዚህ በኋላ አፉ አልገታ አለ። ሁሉንም ዘረገፈው። ካርቶኑን በፋይል ሸፍኖ እንደወሰደ፣ መመሪያ ሽፋን እንደሚያለብስ፣ ሳሉ ሳል እንዳልሆነ፣ ዝንጅብሉን በሐሰት እንደጠጣ ተናገረ። እትዬ የትነበርሽ ደግ ሊሠሩ ብለው እንደሆነ፣ ሰባተኛው ቅጽ ጨርሶ እንደሌለ፣ ሚስት የሚፈልገውን ጠንቋይ ራሱ እንደፈጠረውና ሴትየዋ ምን እንደምትመልስ አላውቅ ብሎ እንደቆመ ተናገረ። የቆርቆሮውን ጉዳይ ሳይቀር ተናገረ፤ ያን እንኳ የጠየቀው አልነበረም።

ሐጂ እስኪጨርስ ጠበቁት። «እኛም ልጅ ሆነን ስለ ጂኒ ስንቱን ተረት ሰምተናል» አሉ። «ተረት ሽርክ አይደለም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ለአከራይህ ሁለት ዓመት ስታነብ ለሃጂራ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ለምን?»

«እንዳትስቅብኝ።»

በዚህ ጊዜ ከመጋረጃው ኋላ አንድ ድምፅ ወጣ። መጀመሪያ ሳል መሰለ። ኡዘይር ያንን ሳል ያውቀዋል፤ ሁለት ዓመት የሳለው ሳል ነው። ቀጥሎ አንድ ጣቃ ጨርቅ ወደቀ፤ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ሃጂራ ለአባቷ ምሳ አምጥታ፣ ከኋላ ጨርቅ ስታጥፍ፣ ከመጀመሪያዋ «አሰላሙ ዓለይኩም» ጀምራ ስትሰማ ነበር።

«ሃጂራ!» አሉ ሐጂ። ሳቁ ባሰ።

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እኛ ኪታብ ስንቀራ» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይለይ፣ «ሸሃችን ያስተማሩን አለ። ልጅቷ ስለ ኒካሕ ስትጠየቅ ዝም ካለች ፈቃዷ ነው። ከሳቀችም ፈቃዷ ነው። ሳቁ የፌዝ ከሆነ ግን ፈቃድ አይደለም።» ወደ መጋረጃው ዞሩ። «እኔ የደከምኩ ሰው ነኝ፣ መለየት አልችልም። የትኛው ነው?»

ኡዘይር ስለ ሳቅ ብዙ አንብቧል፤ ሳቅ እንዲህ ለሁለት ሊከፈል እንደሚችል ግን አላነበበም። የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ግን እርግጠኛ ነበር። ራሱ እንኳ ከኋላ ቆሞ ቢሰማ በዚህ ሰውዬ ላይ ከመሳለቅ በቀር ምን ያደርግ ነበር? መጽሐፉን አንሥቶ ብብቱ ሥር ከተተና ለመውጣት ተዘጋጀ።

ሃጂራ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። በሻሿ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነው።

«ሁለቱም ነው፣ አባ» አለች።

እሷ ወደ ኡዘይር ዞረች።

«እሺ ልልህ አልነበረም፤ እወቀው» አለችው። «ቀኑን ሙሉ በምጥ ጩኸት ውስጥ ውዬ እወጣለሁ፣ አንተ ደውለህ ስለ ቆርቆሮ ታስረዳኛለህ። ለአባዬ እንዴት አድርጌ እምቢ እንደምል ሳስብ ነበር። አክስቴ መጥታ ‹ልጁ ጠንቋይ ቤት ይውላል፣ ሲስቅ ነው የሚውለው› ስትለኝ፣ ወላሂ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንተ ለማወቅ ጓጓሁ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የምትስቅ ሰው መሆንህን ከአከራይህ ነው የሰማሁት፣ ኡዘይር። ከአከራይህ!»

ኡዘይር ያሸነፈበት ቀን ነው ወይስ የተሸነፈበት፣ እሱም እንደ ሐጂ መለየት አልቻለም። ሃጂራ እጇን ዘረጋች። መጽሐፉን ከብብቱ አውጥቶ ሰጣት። የመመሪያው ሽፋን አልነበረበትም።

«‹ሁለቱም› የሚል ኪታብ ላይ አላየሁም» አሉ ሐጂ ጢማቸውን መልሰው እየያዙ። «ሸህ እጠይቃለሁ። እስከዚያው አጎትህ ሽማግሌዎቹን ይዞ ይመለስ። ያች አከራይህም ትምጣ፤ ከእኅቴ ጋር ይታረቁ።» ኡዘይር እየተሰናበተ ደፉን ሊያልፍ ሲል መልሰው ጠሩት። «አንተ ልጅ። ለልጄ ስታነብላት ጠንቋዩን ጠንቋይ በለው። እኛን ነጋዴዎቹን ተወን።»

ወደ ቀሐ በእግሩ ወረደ። በግንቡ አጥር ሥር ሲያልፍ የሚያነበው አልያዘም፤ ስለዚህ ቀና ብሎ ግንቡን አየው። ደኅና ግንብ ነው።

እትዬ የትነበርሽን አጥሩ በር ላይ ቆመው አገኛቸው። ምስክርነታቸው ያደረገውን አያ ያሕያ ነግረዋቸዋል። ከጠዋት ጀምረው ምንም አልቀመሱም፤ ምስሩም ሳይለቀም ሰፌዱ ላይ ተቀምጧል። ሊጠይቁት ፈልገው መጠየቅ ፈሩ። ነጠላቸውን ሁለት ጊዜ አጣፉ፤ በሦስተኛው መጣላቸው።

«ሰባተኛው ላይ» አሉ፣ «ሴትየዋ ምን አለች?»

ኡዘይር ሰባተኛው ቅጽ እንደሌለ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ራሱም ሳያስበው ሌላ ነገር ወጣው።

«ጠንቋዩ ተሳሳተ፣ እትዬ። ድግምቱ ራሱ ቤት ላይ አረፈ።»

እትዬ የትነበርሽ ዓረፍተ ነገሩን መረመሩት፤ የሚቆረጥ አላገኙበትም።

«ይችን ለማለት ነው ስድስት መጽሐፍ ያስጠበቅኸኝ?» አሉና ፊታቸውን ወደ አጥሩ መልሰው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ሞራው ነው» አሉት። «ና ግባ፣ ምስሩን እየለቀምህ ንገረኝ።»